የእንጨት ሳህን በቶርኖ፦ ለምን ይሰነጠቃል? እንዴትስ ይሠራል?

ጀጎል ውስጥ የቆየ የሐረሪ ቤት ብትገቡ ግድግዳው ባዶ አይደለም። ስፌቱ ተደርድሯል፣ ሳህኑ ተሰቅሏል፣ በመሐል ጠቆር ያሉ የእንጨት ጎድጓዳ ሳህኖች አሉ። ወደ ወጥ ቤት ስንመጣ ደግሞ ፕላስቲክ ከመምጣቱ በፊት ሊጡ የሚቦካው ገበቴ ላይ ነበር። ከእንጨት ዕቃ ጋር ያለን ዝምድና የቆየ ነው።

በእጅ ሲሠራ ግንዱ ለሁለት ይፈለጣል፣ በመጥረቢያ ይጠረባል፣ በመሮ ይፈለፈላል። ጊዜ ይወስዳል፣ ወገብ ይቆርጣል። በቶርኖ፣ ማለትም እንጨቱን እያዞረ በመሮ በሚያስቆርጠው ማሽን ሲሆን ያው ሥራ በጣም ያጥራል፤ እጁ የለመደ ሰው ሻካራውን ቅርጽ በአንድ ሰዓት ያወጣዋል። ግን ከፍጥነቱ ጋር አንድ ጣጣ ይመጣል። ሳህኑ ማሽኑ ላይ ሳለ ክብ ነው፣ ልስልስ ያለ ነው፣ ያምራል። ገዢ ቤት ከገባ በኋላ ሞላላ ይሆናል። ጠረጴዛ ላይ ይንገዳገዳል። ሲብስም ከአፉ እስከ መቀመጫው ይሰነጠቃል።

ብዙ ሰው በማሽኑ ወይም በመሮው ያሳብባል። እኔ ግን ዋናው ጉዳይ ውኃ ነው እላለሁ። እንጨት ውስጥ ያለው ውኃ እንዴት እንደሚወጣ ካልገባን፣ ምንም ዓይነት ማሽን ብንገዛ ሳህኑ ይሰነጠቅብናል። ስለዚህ ከመሮው በፊት ስለ ውኃው እናውራ።

እንጨቱ የተሸከመው ውኃ

አሁን የተቆረጠ ግንድ ከባድ ነው፤ የክብደቱ ትልቅ ክፍል ውኃ ነው። እርጥበቱ የሚለካው ከደረቁ እንጨት ክብደት አንጻር ነው። እርጥበቱ 60 በመቶ ነው ሲባል፣ ፍጹም ደርቆ 1 ኪሎ የሚሆነው እንጨት አሁን 600 ግራም ውኃ ይዟል ማለት ነው።

ውኃው ሁለት ቦታ ይቀመጣል። አንዱ በእንጨቱ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ በነጻ ያለው ነው። ሌላው የቱቦዎቹ ግድግዳ ራሱ የጠጣው ነው። ነጻው ውኃ ሲወጣ እንጨቱ ይቀላል እንጂ መጠኑ አይለወጥም። ነጻው አልቆ እርጥበቱ ከ28 እስከ 30 በመቶ ገደማ ሲደርስ ግድግዳዎቹ መድረቅ ይጀምራሉ። እንጨቱ መኮማተር የሚጀምረውም ያኔ ነው።

መኮማተሩ በሁሉም በኩል እኩል ቢሆን ችግር አልነበረም። ሳህኑ ትንሽ ያንስ ነበር፣ አለቀ። እንጨት ግን በሦስት አቅጣጫ ሦስት ዓይነት ይኮማተራል። ዛፉ ወደ ላይ ባደገበት አቅጣጫ፣ ማለትም በክሩ ርዝመት፣ ከእርጥብ እስከ ፍጹም ደረቅ ከ0.1 እስከ 0.2 በመቶ ብቻ ነው የሚያጥረው። የለም ማለት ይቻላል። ከግንዱ እምብርት ወደ ቅርፊቱ ስንለካ በብዙ ዛፎች 4 በመቶ አካባቢ ነው። የዕድገት ቀለበቱን ተከትለን ዙሪያውን ስንለካ ደግሞ 8 በመቶ አካባቢ፣ ማለትም እጥፍ ይሆናል።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህች እጥፍ ላይ ነው። ግንዱን በአግድም ቆርጣችሁ ክብ ቁራጭ ብታወጡ፣ ዙሪያው 8 በመቶ ማነስ ይፈልጋል። ከመሐል ወደ ዳር ያለው ግን የሚያጥረው 4 በመቶ ብቻ ነው። ዙሪያው መጥበብ እየፈለገ መሐሉ አያጥርለትም። ሲጨንቀው ከእምብርቱ እስከ ቅርፊቱ ይቀደዳል። በደረቀ ግንድ ጫፍ ላይ ሁልጊዜ የምናየው ስንጥቅ ይኸው ነው። እንጨቱ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ ጥሩ የሚባለው ወይራም እንደዚያው ይሰነጠቃል።

ከዚህ የመጀመሪያው ሕግ ይወጣል። ለሳህን የሚሆን ግንድ በቁመቱ፣ በእምብርቱ በኩል ለሁለት ይሰነጠቃል። ከእያንዳንዱ ግማሽ ላይ እምብርቱ ያለበት ክፍል፣ 1 ወይም 2 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ተልጎ ይጣላል። መጣሉ ሊያሳዝን ይችላል፤ ትልቅ ሳህን በምትፈልጉበት ጊዜ ያቺ 2 ሳንቲ ሜትር ውድ ናት። ግን እምብርቱ ከቀረ ሳህኑ አይተርፍም። ቀሪው ግማሽ በመጋዝ ክብ ተደርጎ ወደ ቶርኖ ይሄዳል። ጠፍጣፋው ፊት አፍ፣ የቅርፊቱ በኩል መቀመጫ ይሆናል።

እንዲህ ሲደረግ የስንጥቁ ነገር በጣም ይቀንሳል። የሚቀረው ሞላላነቱ ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሳህን በእርጥቡ ቀጭን አድርጋችሁ ብትጨርሱት፣ ሲደርቅ በክሩ ርዝመት 30 ሳንቲ ሜትሩን ይዞ ይቀራል። በክሩ አግድም 5 በመቶ ቢያንስ 28 ተኩል ይሆናል። የ1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ልዩነት በዓይን ይታያል። ክዳን አይገጥምለትም፣ ተስተካክሎም አይቀመጥም።

ደንገጎን ሲወርዱ

ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ላይ ናት፣ ድሬዳዋ ወደ 1,200። በመንገድ የሚለያዩት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሐረር ጃኬት ለብሶ የተሳፈረ ሰው በመሐል ያለውን የደንገጎ ቁልቁለት ሲወርድ ያወልቀዋል። እንጨትም ልዩነቱ ይሰማዋል።

እንጨት በዙሪያው ካለው አየር ጋር እስኪስማማ ድረስ ውኃ ይለቃል ወይም ይጠጣል። የአየሩ እርጥበት 65 በመቶ ሆኖ ከቆየ እንጨቱ 12 በመቶ አካባቢ ይረጋል። አየሩ 40 በመቶ ከሆነ እንጨቱ ወደ 7 ወይም 8 በመቶ ይወርዳል። ይህ ማለት ደጋ ላይ «ደርቋል» ተብሎ ያለቀ ሳህን ቆላ ሲወርድ እንደገና መኮማተር ይጀምራል። ሠሪው አላጠፋም፤ እንጨቱ አዲሱን አየር እየተላመደ ነው።

የድሬዳዋ ሙቀት ሌላም ጣጣ አለው። ውጪው ቶሎ ይደርቃል፣ ውስጡ ገና እርጥብ ነው። የደረቀው ቆዳ መጥበብ ይፈልጋል፣ እርጥቡ ውስጥ ደግሞ አያስጠብበውም። ቆዳው ይሰነጠቃል። ለማድረቅ ተብሎ ፀሐይ ላይ ወይም ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የተሰጣ እንጨት በጥቂት ቀናት የሚያልቅለት ለዚህ ነው። እንጨት ጥላ ይፈልጋል፤ መጀመሪያ ላይ ነፋስም አይወድም።

ስለዚህ በሁለቱ ከተማዎች መካከል ለሚመላለስ ሠሪ የእኔ ምክር ይህ ነው፦ ማድረቁን ሐረር ጀምሩት፣ ድሬዳዋ ጨርሱት። የሐረር ቀዝቀዝ ያለ አየር ለመጀመሪያዎቹ ወራት ይበጃል፤ ቀስ እያለ ያወጣዋል። የድሬዳዋ ደረቅ አየር ደግሞ የቀረውን ይጨርሳል። ሳህን ቶርኖ ላይ ሁለት ጊዜ እንደሚሠራ ወደ ታች እናያለን፤ የመጨረሻው ዙር እንጨቱ ድሬዳዋ ላይ ጥቂት ሳምንት ካረፈ በኋላ ቢሠራ፣ ሳህኑ ከዚያ በላይ የሚኮማተርበት ቦታ ብዙም አያገኝም።

የትኛው ዛፍ?

ዋንዛ የታወቀ ነው። ቀላል ነው፣ መሮ ይታዘዛል፣ ሲደርቅም ብዙ አያምፅም። ገበቴ ሲሠራበት የኖረው በከንቱ አይደለም። ነገር ግን ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ኮሶንና ጽድን ከተፈጥሮ ደን መቁረጥ የተከለከለ ነው። ዋንዛ የምትሠሩ ከሆነ ከየት እንደመጣ እወቁ። ከማሳ ዳር ባለቤቱ የቆረጠው፣ ወይም ከፈረሰ ቤት የወጣ እንጨት ይሻላል።

ወይራ ውብ ነው፤ ቡናማና ጥቁር ጭረቱን ያየ ሰው አይረሳውም። ክብደቱ ግን ብዙ ነው፣ በደንብ ካልደረቀም ይሰነጠቃል። ባህር ዛፍ ለሳህን አልመክርም። ክሩ እየተጠማዘዘ ስለሚያድግ ሲደርቅ ይጣመማል፣ መኮማተሩም ከባድ ነው። ማንጎ ይገርማችኋል። ግቢ ውስጥ ያረጀ የማንጎ ዛፍ ሲቆረጥ ብዙውን ጊዜ ለማገዶ ነው የሚሄደው፤ ግን በቶርኖ ለመሥራት የሚመች፣ መልኩም ደስ የሚል እንጨት ነው። የቡና ግንድ ቀጭን ቢሆንም ጠንካራና ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ለትንንሽ ኩባያና ለስኳር ማስቀመጫ ይሆናል።

በእኔ እምነት ግን ለድሬዳዋ የተፈጠረ እንጨት ፕሮሶፒስ ነው። አዎ፣ ያው አርብቶ አደሩን ያስመረረው እሾሃም ዛፍ። በ1970ዎቹ በፈረንጆች አቆጣጠር በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ መጣ፤ ከዚያ በአፋርና በሌሎችም ቆላማ ቦታዎች ግጦሹን ወረረው። ሰው ቆርጦ እንዲጠቀምበት ይመከራል፤ አብዛኛው ግን ከሰል ይሆናል። የዚህ ዛፍ ዘመዶች በሌላው ዓለም በእንጨት ሠራተኞች ዘንድ የሚታወቁት ሲደርቁ መኮማተራቸው በጣም ትንሽ በመሆኑ ነው። ከእምብርት ወደ ቅርፊት በሚለካውና በዙሪያው በሚለካው መካከል ያለው ልዩነትም ጠባብ ነው። ከላይ ያልነው እጥፍ እዚህ ብዙም የለም ማለት ነው። ልቡ ቀይ ቡናማ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ሲለሰልስ ያበራል። ጉድለቱ ግንዱ ቀጭንና ጠማማ መሆኑ ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ሳህን የሚያወጣ ማግኘት ይከብዳል፤ ለ15 ሳንቲ ሜትር ግን ይበቃል። ለቡና ቁርስ ፈንዲሻ የሚቀርብበት ሳህን ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ሲቆረጥ እሾሁን ተጠንቀቁ፤ የወጋው ቦታ ይቆስላል።

ማሽኑና ፍጥነቱ

ቶርኖ ሲባል ድሬዳዋ ላይ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው የብረት ቶርኖ ነው። ያም ምክንያት አለው። ከተማዋ የተቆረቆረችው የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሲደርስ ነው። ከባቡሩ ጋር ወርክሾፕ መጣ፣ ከወርክሾፑ ጋር የብረት ሙያ መጣ። ዛሬም ፑሊ የሚያወጣ፣ አክስል የሚያስተካክል እጅ በከተማው አለ። ለእንጨት ቶርኖ የሚያስፈልገውን ዘንግና ክፈፍ ለማሠራት ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያዳግታል።

በብረት ቶርኖና በእንጨት ቶርኖ መካከል ያለው ልዩነት ግን መታወቅ አለበት። የብረቱ ላይ ቢላዋው በማሽኑ ታስሮ ይሄዳል። የእንጨቱ ላይ መሮውን የሚይዘው የሰው እጅ ነው፤ ከፊቱ የመሮ ማረፊያ ብረት ብቻ አለ። በብረት ቶርኖ ላይ እንጨት ማዞር ይቻላል፤ ሆኖም ሰጋቱራው የማሽኑን ዘይት እየጠጣ መንሸራተቻው ላይ ይለጠፋል፤ ባለማሽኑም ደስ አይለውም።

ሥራው ራሱ ከኤሌክትሪክ በጣም ይቀድማል። በግብፅ በፔቶሲሪስ መቃብር ግድግዳ ላይ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ፣ ሁለት ሰዎች በቶርኖ ሲሠሩ ተቀርጸዋል። አንዱ ገመድ እየጎተተ ያዞራል፣ ሌላው ይቆርጣል። እንጨቱ አንዴ ወደፊት አንዴ ወደኋላ ስለሚዞር የሚቆረጠው በግማሹ ጊዜ ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ፍጥነቱ። አደጋ የሚመጣው በአብዛኛው ከዚህ ነው። የሚያገለግል ስሌት አለ፦ የሳህኑን ስፋት በሳንቲ ሜትር፣ ማሽኑ በደቂቃ በሚዞረው ዙር አባዙት። ውጤቱ ከ15,000 እስከ 23,000 መካከል ይሁን። ለ30 ሳንቲ ሜትር ሳህን ከ500 እስከ 750 ዙር ማለት ነው። ገና ያልተስተካከለ ሻካራ ግንድ ከሆነ ከታችኛውም በታች ጀምሩ።

በእኛ 50 ኸርዝ መብራት የሚሠራ የተለመደው ሞተር በደቂቃ 1,400 ዙር ገደማ ይዞራል፤ ፈጣኑ ዓይነት ደግሞ 2,800 ገደማ። ሳህን ሞተር ላይ በቀጥታ አይታሰርም። ሞተሩ ላይ 6 ሳንቲ ሜትር ፑሊ፣ የቶርኖው ዘንግ ላይ 14 ሳንቲ ሜትር ፑሊ አድርጋችሁ በቺንጋ ብታገናኟቸው፣ 1,400 ሲባዛ በ6 ሲካፈል ለ14፣ ልክ 600 ዙር ታገኛላችሁ። በዚህ ፍጥነት የ30 ሳንቲ ሜትሩ ሳህን አፍ በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ያው ሳህን በ2,800 ዙር ቢዞር ወደ 158 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ብዙ ኪሎ የሚመዝን እርጥብ ግንድ በዚያ ፍጥነት ከማሽኑ ቢወጣ የሚያቆመው ነገር የለም።

ለዚህ ነው ማሽኑ ሲነሳ ከሳህኑ ፊት ለፊት የማይቆመው፤ ወደ ጎን ገለል ይባላል። ፊት መከለያ ይደረጋል። ጓንት አይደረግም፤ ጓንቱ ከተያዘ እጁን ይዞት ይገባል። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ የአንገት ሐብልና ረጅም እጅጌ ይወልቃል። ድሬዳዋ ላይ በሽርጥ መሥራት ቢለመድም ቶርኖ ፊት ግን ሱሪ ይለበስ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ መጀመሪያ መሮው ከእንጨቱ ይራቅ፣ ወዲያው ማብሪያው ይጥፋ። አለዚያ መብራቱ ሳይታሰብ ሲመጣ ማሽኑ ብቻውን ይነሳል። መብራት ተመልሶ ሲመጣ በራሱ የማይነሳ ማብሪያ አለ፤ ገንዘቡን ቢያወጡበት አይቆጭም።

መሮው እንዴት ይቆርጣል?

ለሳህን ዋናው መሣሪያ ቦይ ያለው ጎድጓዳ መሮ ነው። ረጅም እጀታ ያስፈልገዋል፤ ብረቱ ከማረፊያው አልፎ በወጣ ቁጥር እንጨቱ ጉልበት ያገኛልና። ከውጭ የሚመጣው ከጠንካራ ልዩ ብረት የተሠራ ስለሆነ ሲሳል ቢሞቅም ብዙ አይጎዳም። ያን ያላገኘ ሰው ከመኪና ባሌስትራ ያስቀጠቅጣል፤ ባሌስትራ ጠንካራም እሺ ባይም ብረት ስለሆነ በደንብ ከተቃኘ ይሆናል። ነገር ግን መሳያ ድንጋይ ላይ ስለቱ ሰማያዊ እስኪሆን ከሞቀ ጥንካሬው ይጠፋል፤ ቶሎ ቶሎ ውኃ ውስጥ እየነከሩ መሳል ነው። ከአሮጌ ሞረድ የሚሠራ መሮ ግን አይመከርም። ሞረድ ተሰባሪ ነው፤ እንጨቱ ሲነክሰው ለሁለት ይሰበራል፣ ስባሪው የሚሄድበት አይታወቅም።

አቆራረጡ ሦስት እርምጃ አለው። መጀመሪያ መሮው ማረፊያው ላይ ይቀመጣል፤ እንጨቱን ገና አልነካም። ቀጥሎ የስለቱ ጀርባ፣ ማለትም ተዳፋት ሆኖ የተሳለው ክፍል፣ የሚዞረውን እንጨት ይነካል። እንጨቱ ይዳሰሳል እንጂ አይቆረጥም። ከዚያ እጀታው ቀስ ብሎ ከፍ ይላል፤ ስለቱ እንጨቱን ሲያገኝ ቀጭን ፍቅፋቂ መውጣት ይጀምራል። ጀርባው እንደተደገፈ ነው ሥራው የሚሄደው። ጀርባው ድጋፉን ያጣ ለት ስለቱ ብቻውን እንጨቱ ውስጥ ይገባል፣ መሮው ይነከሳል። ድው ይላል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴ ሳህኑ ከቻኩ፣ ማለትም ከያዘው የማሽኑ መንጋጋ ይወጣል።

የክሩ አቅጣጫም አለ። ሳህን አንዴ ሲዞር መሮው ሁለት ጊዜ ከክሩ ጎን፣ ሁለት ጊዜ ከክሩ ጫፍ ጋር ይገናኛል። የክሩ ጫፍ ያለበት ቦታ ከተነቀለ ሻካራ ሆኖ ይቀራል፤ የብርጭቆ ወረቀት እንኳ ያስቸግረዋል። መድኃኒቱ ክሮቹ ከኋላ ተደግፈው እንዲቆረጡ ማድረግ ነው። የውጪው ፊት ከመቀመጫው ተነሥቶ ወደ አፉ ይቆረጣል። የውስጡ ደግሞ ከአፉ ተነሥቶ ወደ መሐል። ይህን አቅጣጫ የገለበጠ ሰው መሮው የቱንም ያህል ስለታም ቢሆን ጥሩ ፊት አያወጣም።

ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው። ጠፍጣፋው ፊት በብሎን ክብ የብረት ሰሌዳ ላይ ይታሰራል። የውጪው ቅርጽ ይወጣል፤ መቀመጫው ላይ ቻክ የሚይዘው አጭር እግር ይተዋል። ከዚያ ይገለበጣል፣ በእግሩ በቻክ ይያዛል፣ ውስጡ ይፈለፈላል። ማረፊያው ከእንጨቱ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል። ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት ሳህኑ አንድ ዙር በእጅ ይዞራል፤ የሚጋጭ ነገር ካለ ያኔ ይታወቃል።

ሁለት ጊዜ ማዞር

የሞላላነቱ መፍትሔ የቆየ ነው፤ ሳህኑ ቶርኖ ላይ ሁለት ጊዜ ይሠራል። በመጀመሪያው፣ እንጨቱ ገና እርጥብ ሳለ፣ ግድግዳው ወፍራም ሆኖ ይቀራል። ልኩ የስፋቱ አንድ አሥረኛ ነው። ለ30 ሳንቲ ሜትር ሳህን 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይተዋል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች እኩል ይሁን። መቀመጫው ወፍሮ አፉ ከቀጠነ፣ ቀጭኑ ቀድሞ ደርቆ ወፍራሙን ይጎትተዋል፤ እዚያ ይሰነጠቃል።

ከዚያ የክሩ ጫፍ ያለበት ሁለቱ ጎን በቀለጠ ሰም ወይም በእንጨት ኮላ ይቀባል። ውኃ በክሩ ጫፍ በኩል ከሌላው ቦታ በጣም ፈጥኖ ስለሚወጣ እሱን ማዘግየት ያስፈልጋል። ሳህኑ በራሱ ፍቅፋቂ ይሞላና በወረቀት ከረጢት ይታሰራል። የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀቱ ወፍራም ስለሆነ ይመቻል፤ ሲሚንቶው ግን በደንብ ይራገፍ። ፕላስቲክ አይሆንም፤ ውኃው መውጫ አጥቶ ይሻግታል። ሐረር ከሆነ አንድ ከረጢት ይበቃል፤ ድሬዳዋ ከሆነ ሁለት ደርቡ።

መድረቁን በዓይን ማወቅ አይቻልም። በሚዛን ይታወቃል። በየሳምንቱ መዝኑና ሳህኑ ላይ በእርሳስ ጻፉ። እርጥቡ 3 ኪሎ ቢሆንና እርጥበቱ 60 በመቶ ከነበረ፣ 10 በመቶ ላይ ሲደርስ 2 ኪሎ ከ60 ግራም ገደማ ይሆናል። ከአንድ ሳህን ወደ 1 ሊትር የሚጠጋ ውኃ ወጣ ማለት ነው። ክብደቱ መቀነሱን አቁሞ በተከታታይ ሳምንታት ሳይለወጥ ሲቆይ ደርቋል። ይህ ወራት ይፈጃል። ትዕግሥት የሚጠይቀው ይሄኛው ክፍል ነው፤ ጥቂት ሳህን ሠርቶ ከመጠበቅ ይልቅ ብዙ ሻካራ ሠርቶ መደርደር ጥበቃውን ያቀለዋል።

ሲደርቅ ሞላላ ሆኗል፤ ግን 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ስላለው ውስጡ እንደገና ክብ የሚወጣበት ቦታ አለ። ሁለተኛው ዙር ያን ያወጣል። ግድግዳው ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ሲቀር ሳህኑ በእጅ ይቀላል፣ ጥንካሬም አያጣም። ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት ይመጣል፤ ከሻካራው ቁጥር ወደ ልስልሱ፣ 80፣ 120፣ 180፣ 240፣ 320። ቁጥር መዝለል ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፤ የ80 ጭረት ግን በ240 አይጠፋም፣ ዘይት ሲነካው ደግሞ ጎልቶ ይወጣል። አፍና አፍንጫ በደንብ ይሸፈን። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ብናኝን የካንሰር መንስኤ ከሆኑት ተርታ መድቦታል።

ቅርጹና ቀለሙ

ጌጥ የሚቀረጽለት ከሆነ ከሁለተኛው ዙር በኋላ ነው። በእርጥቡ ከተቀረጸ ሲደርቅ ጌጡም አብሮ ይጣመማል። አፉ አካባቢ 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ጠርዝ ይተዋል። ሳህኑ ገና ማሽኑ ላይ ሳለ ከላይና ከታች ሁለት ቀጭን መስመር ይቆረጥበታል። ጌጡ በእነዚህ መካከል ይታጠራል፤ መሮውም ሲያመልጥ መስመሩ ላይ ይቆማል።

ዙሪያውን እኩል መክፈል ብዙ ሰው ያስቸግራል፤ ግን ኮምፓስ ይበቃል። ኮምፓሱን ከመሐል እስከ ጠርዝ ባለው ርቀት ክፈቱና በዚያው ልክ ጠርዙ ላይ እየረገጣችሁ ሂዱ። በ6 እርምጃ ተመልሳችሁ መነሻችሁ ላይ ትደርሳላችሁ። እያንዳንዱን ለሁለት ስትከፍሉ 12፣ እንደገና 24። በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ሦስት ማዕዘን ይሣላል። ከሦስቱ ጎን ወደ መሐል በሦስት ምት ይቆረጣል፤ ትንሽ ፍንካች ትወጣለች፣ ጥላ ያለው ጉድጓድ ይቀራል። ብርሃን ከጎን ሲመታው ሙሉው ጠርዝ ጎልቶ ይታያል። ዙሪያውን ስትሄዱ የክሩ አቅጣጫ አራት ጊዜ ይለወጣል፤ እዚህ የታዘዘው መሮ እዚያ ይነቅላል። ያኔ ከሌላው ጎን ገብቶ መቁረጥ ነው።

እንደ ጥንቶቹ ጠቆር ያለ ሳህን የፈለገ ሰው ሚስማር በአቼቶ ውስጥ ለአንድ ሳምንት ይዘፍዝፍ። ብረቱ በአሲዱ ይሟሟል። ይህ ውኃ ታኒን የሚባለው የሚያኮማትር ጣዕም ያለው ንጥረ ነገር የበዛበት እንጨት፣ ለምሳሌ ግራር፣ ሲነካ በደቂቃዎች ውስጥ ያጠቁረዋል። ምግብ በማይነካው የውጪ ፊት ላይ ብቻ ይደረግ።

ለምግብ የሚሆን ሳህን የሚቀባው ዘይት የሚደርቅ ዓይነት መሆን አለበት። የተልባ ዘይት ከአየር ጋር ተገናኝቶ ይጠነክራል፤ በሙሉ ለመጠንከር ግን ሳምንታት ይፈልጋል። ቀለም ቤት የሚሸጠው «የተቀቀለ» የተባለው ማድረቂያ ኬሚካል ሊኖርበት ስለሚችል ለምግብ ዕቃ ንጹሑን ፈልጉ። የወጥ ቤቱ የፓልም ዘይት አይደርቅም፤ በድሬዳዋ ሙቀት ይጎመዝዛል፣ ሳህኑም እጅ ላይ ይጣበቃል። የተልባው ከደረቀ በኋላ የንብ ሰም በጨርቅ ቢታሽበት ፊቱ ያበራል። ዘይት የጠጣው ጨርቅ ተጨባብጦ ጥግ አይጣል። ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፣ በራሱም እሳት ሊይዝ ይችላል። ዘርግታችሁ ውጪ አድርቁት፣ ወይም ውኃ ውስጥ ንከሩት።

ለሚገዛችሁ ሰው ደግሞ አያያዙን ንገሩት። ሳህኑ ታጥቦ ወዲያው ይጠረግ እንጂ ውኃ ውስጥ አይዘፍዘፍ። ፀሐይ ላይ አይሰጣ። መልኩ ሲደበዝዝ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ስስ ዘይት ይቀባ።